«ጉንፋን» እያልኩ የጻፍኩለት ልጅ

በዚያን ጊዜ የነበርኩትን ሰውዬ ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው ሰላም አልለውም። እንዲያውም መንገድ ተሻግሬ አልፈዋለሁ። ዕድሜው ሃያ አምስት፣ ፀጉሩ በቅባት የተለሰነ፣ ነጭ ጋውኑ ብቻውን ሊቆም እስኪደርስ በስታርች የደረቀ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ የሰካ ድሬሰር ነበር። ከሦስቱ የሚጽፈው አንዱ ብቻ ነው። የተማረው ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ሆኖ ሳለ ሰው «ዶክተር» ሲለው አንድ ቀን እንኳ «አይደለሁም» ብሎ አያውቅም። ያ ሰውዬ እኔ ነኝ።

ንጉሡ ከመውረዳቸው ሦስት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ከአሰላ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጭላሎ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ሁለት ክፍል ያላት ትንሽ ክሊኒክ ነበረች። ሠራተኞቿ እኔና ዘበኛው ቱፋ ነበርን። ቱፋ አባቴ የሚሆን ሰው ነው። እኔ ግን «ቱፋ! ና! ሂድ!» እያልኩ ነበር የምጠራው። ኦሮምኛ ስለማልችል እሱ ያስተረጉምልኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ በአርሲዎች መሐል ተቀምጬ፣ እንጀራዬን ከእነሱ እየበላሁ፣ «አከም» ከምትለው የሰላምታ ቃል በላይ አልተማርኩም። ባለመማሬም እኮራ ነበር። ሰው በምን እንደሚኮራ ተመልከቱልኝ!

በወር አንድ ጊዜ ሰይፉ የሚባል ሐኪም ከናዝሬት በላንድሮቨር እየመጣ ክሊኒኳን ይጎበኛል። እሱ በሚመጣበት ቀን ወለሉ ይታጠባል፣ መርፌዎቹ ይቀቀላሉ፣ እኔም በሽተኞችን «እናቴ፣ አባቴ» እላለሁ። በተረፉት ቀኖች ንጉሡ እኔ ነበርኩ።

ሐዋ የምትባል ሴት ነበረች። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። ከክሊኒኩ ሁለት ሰዓት በእግር ከሚያስኬድ የገብስ አገር፣ ጀማል የሚባል የሰባት ዓመት ልጇን አዝላ ትመጣለች። የሰባት ዓመት ልጅ አይታዘልም፤ ጀማል ግን የአራት ዓመት ልጅ ነበር የሚያህለው። የሐዋ ባል ሌላ አግብቶ ትቷታል። የመጀመሪያ ወንድ ልጇን በሁለት ዓመቱ ቀብራለች። ሁለተኛውም ከሕመም አልላቀቅ ሲል «የእናንተ ዘር ወንድ አያሳድግም» ብሏት ሄደ። ይህን የሰማሁት ኋላ ነው። ያኔ ማን ጠይቋት!

የጀማል አፍንጫ ክረምት ከበጋ አይደርቅም። የሚወርደው ደግሞ ልጆች ሁሉ የሚያዝረበርቡት ዓይነት አይደለም፤ ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ ሽታው ከልጁ ቀድሞ በር የሚገባ መግል ነው። ሁለቱም ጆሮዎቹ ይመግላሉ። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ሳንባ ምች ይጥለዋል። ገና ከሩቅ ሳያቸው አፍንጫዬን በጣቴ ይዤ «መጣች ባለ ንፍጧ!» እላለሁ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ይስቅልኛል። ሰው ሲስቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ቱፋ፣ ሳሙና የሚባል ነገር ከተማ ውስጥ እንደሚሸጥ ንገራት» እለዋለሁ። «ልጅ መውለድ ብቻ ሳይሆን ማጠብም እንዳለ ንገራት።»

ቱፋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በኦሮምኛ አንድ ነገር ይላታል። እሷ መሬት መሬት እያየች ታዳምጣለች። ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ፔኒሲሊን እወጋዋለሁ፤ ወይም ጥቂት የሰልፋ ክኒን በጋዜጣ ጠቅልዬ እሰጣታለሁ። ካርድ አውጥቼ «ጉንፋን» ብዬ እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ፤ ካርዱንም መዝገብ ቤት ማስቀመጥ ስለሚታክተኝ «ይዘሽው ሂጂ» ብዬ እወረውርላታለሁ። ወር ትንሽ አለፍ ሲል ተመልሳ ትመጣለች። አሁንም አዲስ ካርድ፣ አሁንም «ጉንፋን»። አንድ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዴት ጉንፋን እንደሚይዘው አንድ ጊዜ እንኳ ራሴን አልጠየቅሁም። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ጭንቅላት ቢኖረኝ ኖሮ ሦስት እስክሪብቶ አልሰካም ነበር።

አንድ ሐሙስ ዕለት፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ መስኮቱን ዘግቼ ልወጣ ስል ሐዋ ደረሰች። የአካባቢው ባለርስት የሆኑ አንድ ግራዝማች ምሳ ጠርተውኝ ነበር፤ በግ አርደዋል። ቱፋ ከበሩ ላይ ሆኖ፣

«ልጁ ትኩሳት አለው» አለኝ። «ዓይኑም ማበጥ ጀምሯል ትላለች።»

«ነገ ትምጣ።»

«ከሩቅ ነው የመጣችው እኮ።»

«መቼ ከቅርብ መጥታ ታውቃለች? ነገ ትምጣ አልኩ!»

ቁልፉን ኪሴ ከትቼ በአጠገቧ አለፍኩ። የልጁን ፊት ዞር ብዬ አላየሁም። ግራዝማች ቤት እስኪመሽ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ስለ ገጠር ሰው ቀልድ አወራሁ። ቀልዱ ውስጥ ሐዋ ነበረችበት። ግራዝማች እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

አርብ ጠዋት ክሊኒኩ ስደርስ ሐዋ ደጃፉ ላይ ከነበረ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ለካ ወደ አገሯ አልተመለሰችም፤ ከተማው ውስጥ ከአንዲት ዘመዷ ዘንድ አድራ ማልዳ ነው የመጣችው። የጀማል ቀኝ ዓይን ተዘግቷል። ቆቡ አብጦ፣ ተወጥሮ፣ ቀልቶ ወደ ጥቁር ሊዞር ደርሷል። ልጁ ጭንቅላቱን ከእናቱ ትከሻ ላይ ማንሳት አቅቶት ያቃስታል።

ይህን አየሁ። አየሁና «ተራ ጠብቂ» አልኳት። ምክንያቱም ግራዝማች በበቅሎ መጥተው ነበር። የትናንቱ መጠጥ ራሳቸውን ስላዞራቸው «ያቺን የብርታት መርፌ» ፈለጉ። ቫይታሚን ወጋኋቸው፣ ወንበር ሰጠኋቸው፣ ስለ እህል ዋጋ አወራን። አንድ ሰዓት ያህል ሄደ። እሳቸው ሲወጡ ሐዋ ገባች።

ከወንበሬ ሳልነሳ የልጁን ዓይን ከሩቅ አየሁና፣ «የዓይን ማዝ ነው» አልኩ። ለዓይን የሚሆን ቅባት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። «ቱፋ፣ ዝንብ ነው ያመጣው በላት። ፊቱን ታጥበው፣ ይህንን ትቀባው።»

ሐዋ ቅባቱን አላነሳችም። ቀስ ብላ፣ ረዘም ያለ ነገር ለቱፋ ነገረችው።

«ዝንብ አይደለም ትላለች» አለኝ ቱፋ። «ከውስጥ ነው ትላለች። ሁልጊዜ በአፍንጫው የሚወርደው መግል ካቆመ አራት ቀኑ። እሱ ሲያቆም ግንባሩን ያመው ጀመር፤ ከዚያ ዓይኑ አበጠ። መግሉ መውጫ አጥቶ ወደ ዓይኑ ሄዷል ትላለች።»

ሳቄን ለቀቅሁት። «እንግዲያው ሐኪሟ እሷ ናት! ጋውኔን ላውልቅላት?»

ቱፋ አልሳቀም። ይህንንም አልተረጎመውም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ የሕክምና መጽሐፍ አግኝቼ ሳነብ፣ በአፍንጫ ዙሪያ አጥንት ውስጥ ሳይነስ የሚባሉ ባዶ ክፍተቶች እንዳሉ፣ እዚያ የተጠራቀመ መግል መውጫው ሲዘጋ ቀጭኑን አጥንት ጥሶ ወደ ዓይን ጉድጓድ እንደሚገባ፣ ከዚያም አልፎ አንጎል እንደሚደርስ ተጽፎ አገኘሁ። ሐዋ ያለ መጽሐፍ የነገረችኝ እሱን ነበር።

«ጨርሻለሁ፤ ውጪ በላት» አልኩ።

ወጣች፤ ግን አልሄደችም። ተመልሳ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ከጭላሎ ከሚወርደው ነፋስ በነጠላዋ ልጁን እየሸፈነች እዚያው ዋለች። ምሳዬን በልቼ ስመለስ አለች። በአጠገቧ ሳልፍ እሷም አላየችኝም፤ እኔም አላየኋትም። ልጁ ማቃሰቱን አቁሞ ነበር። ማቃሰት ማቆም ሁልጊዜ መሻል እንዳልሆነ እንኳን ድሬሰር ማንም ያውቃል። እኔ ግን ዝም በማለቱ ደስ አለኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ የላንድሮቨር ድምፅ ሰማሁ። የዶክተር ሰይፉ ቀን አልነበረም፤ ለሌላ ጉዳይ አሰላ መጥቶ ነው ጎራ ያለው። ወለሉ አልታጠበም፣ መርፌው አልተቀቀለም፣ ደጃፉ ላይ ደግሞ ያቺ ሴት ተቀምጣለች። ወደ ቱፋ ሮጥኩ።

«ቶሎ በል! ሴትየዋን ወደ ጓሮ ውሰዳት!»

ቱፋ ከላይ እስከ ታች አየኝና አጥሩ ሥር ካለው ግንድ ላይ ተቀመጠ። «እግሬን አሞኛል ዛሬ» አለ። ትንሽ ቆየት ብሎም «ዶክተር» አለኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያ እምቢታው ነው። «ዶክተር» የምትለዋ ቃል እንደዚያ ልትነገር እንደምትችልም አላውቅም ነበር።

ሰይፉ ከመኪናው ወርዶ ሁለት እርምጃ ሳይራመድ ልጁን አየው። ነጠላውን ገለጠ፣ ግንባሩን ዳሰሰ፣ የተዘጋውን ዓይን በሁለት ጣቱ ሊከፍት ሞከረ። ሲከፈት እኔም አየሁ። የዓይኑ ብሌን ወደ ውጭ ተገፍቶ ወጥቷል፤ ወዲህም ወዲያም አይንቀሳቀስም።

«ይህ ልጅ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?» አለ።

«ዛሬ መጥቶ ነው ዶክተር» አልኩ። «ከዚህ በፊት እዚህ ታይቶ አያውቅም።»

ቱፋ አፉን አልከፈተም፤ ምንም አልተረጎመም። ሐዋ ግን እጇን ብብቷ ሥር ከተተች። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች፣ ቋጠሮውን ፈታች፣ ለሰይፉ ሰጠችው። ካርዶቹ ነበሩ። ሁሉም፣ እየወረወርኩ የሰጠኋት። ማንበብ የማትችል ሴት አንዱን እንኳ ሳትጥል፣ ሳታጥፍ፣ በቅደም ተከተላቸው አስቀምጣቸዋለች።

ሰይፉ እዚያው ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ጉንፋን» አለ። ካርዱን ወደ ኋላ አዞረው። «ጉንፋን።» አሁንም አዞረ። «ጉንፋን። ጉንፋን። ጉንፋን።»

አላቆመም። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ከመሐላቸው «መጣች ባለ ንፍጧ!» ስል የሳቁልኝም ነበሩ። አስራ ዘጠኝ ካርድ ነው። አስራ ዘጠኝ ጊዜ አንዲት ቃል መስማት ምን ያህል እንደሚረዝም የማያውቅ ይሞክረው።

«ፊርማው የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

አልተቆጣኝም። ከነጭራሹ ፊቱን ከእኔ አዞረና ሐዋ ፊት ቁጢጥ ብሎ፣ «እርስዎ ይንገሩኝ» አላት።

እርስዎ! ባለ ንፍጧን! እኔ ግራዝማችን ነበር እርስዎ የምለው። ቱፋ ከተቀመጠበት ተነሳ፤ እግሩ ድኖ ማለት ነው፤ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ሐዋ ተናገረች፤ ቱፋም አንዲት ቃል ሳያስቀር ተረጎመ።

ጀማል ሲወለድ ጤነኛና ወፍራም ነበር። ስድስት ወር ገደማ ሲሞላው ጆሮው መገለ፤ ከዚያ ወዲህ መግል ተለይቶት አያውቅም። መርፌ ሲወጋ ይሻለዋል፣ ይጫወታል፣ ይበላል። መርፌው በቆመ በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ቀን ሽታው ይመለሳል። ቀኑን ቆጥራ ታውቀዋለች። የሞተው ታላቁም እንደዚሁ ነበር። የእሷም ሁለት ወንድሞች እንደዚሁ አፍንጫና ጆሯቸው እየመገለ በልጅነታቸው ሞተዋል። ሲሬ ያለችው እህቷም አንድ ወንድ ልጅ በዚሁ ቀብራለች። ሴቶቹ ግን አንዳቸውም አይታመሙም።

«ወንዶቹን ብቻ ነው የሚወስደው» አለ ቱፋ፣ ድምፁ እየተለወጠ። «በእኛ በሴቶቹ ያልፋል፣ እኛን ግን አይነካንም ትላለች። ይሄ የሰው ዓይን አይደለም፣ እርግማንም አይደለም፣ በደማችን ያለ ነገር ነው ትላለች።»

ሰይፉ ባትሪ አውጥቶ ሰጠኝ። «ጉሮሮውን እይና ያየኸውን ንገረኝ።»

የልጁን አፍ በማንኪያ ከፈትኩ። «እንጥሉ የለም» አልኩ፤ ያወቅሁ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። «አስቆርጠውታል፤ የባላገር ነገር...»

«እንጥሉን ተወው። ቶንሲሉስ?»

ፈለግሁ። ግራና ቀኙን አየሁ። «አይታየኝም።»

«አይታይህም፤ የለማ! ይህን ያህል ዓመት የመገለ ልጅ ቶንሲሉ አብጦ ጉሮሮውን ሊዘጋው ይገባ ነበር። አንገቱን ዳስሰው። አንድ ዕጢ ታገኛለህ?» ዳሰስኩ፤ ምንም የለም። «የዚህ ልጅ ደም በሽታን የሚከላከለውን ነገር የማይሠራ ይመስለኛል። ሲወለድ ከእናቱ ይዞት የመጣው ስድስት ወር አቆየው፤ እሱ ሲያልቅ ባዶ ቀረ። ወንዶችን የሚይዝ፣ በእናት በኩል የሚወርድ እንዲህ ያለ በሽታ አለ። መጽሐፍ ላይ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። እሳቸው ቃል በቃል ነገሩን።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «አስራ ዘጠኝ ጊዜ ስታየው አንድ ቀን አፉን አስከፍተኸዋል?»

ማንኪያውን ጋውኔ ኪስ ከተትኩት። 

ሰይፉ ከልጁ ክንድ ላይ ደም ሥር ፈልጎ ግሉኮስ ተከለለት፤ ፔኒሲሊኑንም በዚያው ጨመረ። «ናዝሬት ወስደን መግሉን ማውጣት አለብን» አለ። «አንተ ጠርሙሱን ይዘህ ከኋላ ትቀመጣለህ።»

ሐዋ ጀማልን ጭኗ ላይ አስተኝታ ተቀመጠች። እኔ ከፊቷ ጎንበስ ብዬ ጠርሙሱን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ቱፋ ቀረ። የዚያን ጊዜው መንገድ ኮረኮንች ነው፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር ጭንቅላቴ ጣራ ይመታል። ኢተያን አለፍን። ክንዴ ሲዝል ጠርሙሱን ዝቅ አደረግሁት።

«ከፍ አድርገው» አለችኝ። «ደሙ ወደ ላይ እየመጣ ነው።»

ከፍ አደረግሁ። ከዚያ ነው የገባኝ። በአማርኛ ነው የተናገረችው። ከእኔ በጠራ አማርኛ።

«አማርኛ ትችያለሽ?»

«ሲሬ ነጋዴ ቤት ነው ያደግሁት።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ያልኩት ሁሉ በጆሮዬ ተመለሰ። ሳሙናው። ልጅ መውለዱ። ባለ ንፍጧ። ስለ ሽታው፣ ስለ ነጠላዋ፣ ስለ እግሯ የቀለድኩት። ቱፋ አለዝቦ ሲነግራት እሷ ዋናውን ቀድማ ሰምታዋለች። መሬት መሬት እያየች ያዳመጠችው አማርኛውን ነበር።

«ታዲያ ለምን በአማርኛ አላናገርሽኝም?» አልኩ። አሁንም ጥፋቱን ወደ እሷ ለማዞር ነበር የፈለግሁት፤ እንዲህ ያለ ፍጡር ነበርኩ።

ዓይኗን ከልጁ ሳታነሳ መለሰችልኝ። «መጀመሪያ ቀን ተናግሬ ነበር፤ አልሰማህም። በቱፋ በኩል ስናገር አንድ ሰው እንኳ ይሰማኛል ብዬ ነው።»

ከዚያ ዴራን አለፍን፣ የአዋሽን ድልድይ ተሻገርን። ቆላው ውስጥ ገብተን ሙቀቱ ሲበረታ ጀማል አንድ ጊዜ አቃሰተ። «ኢልመ ኮ፣ ልጄ» አለችው፤ የደረቀ ከንፈሩን በጣቷ አራሰችለት። እኔ ጠርሙሱን ይዤ አለቀስኩ። ለልጁ አዝኜ ነው እንዳትሉ። ስለ ራሴ ነው ያለቀስኩት፤ እንዳያባርሩኝ ፈርቼ። እውነቱን ልጽፍ ቁጭ ካልኩ አይቀር ልጻፈው።

ናዝሬት ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሰይፉ ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል አስገባው። እኔና ሐዋ ኮሪደሩ ውስጥ አንድ አግዳሚ ላይ፣ እሷ በዚያኛው ጫፍ እኔ በዚህኛው፣ ተቀመጥን። እሷ ቀስ ብላ ዱዓ ታደርጋለች። እኔ የምለው ነገር እፈልጋለሁ፤ አንዱም አይሆንም። ከክፍሉ ሲወጣ የሰይፉ ሸሚዝ በላብ ርሷል። «መግሉ ወጥቷል፤ ነገ እናያለን» ብቻ ብሎ አለፈ።

በማግስቱ ጠዋት ጀማል ነቃና ውሃ ጠየቀ። ትኩሳቱ ወርዷል። ሰይፉ ግራ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ ባትሪውን በቀኙ ላይ አበራ። «ምን ታያለህ?» ብሎ በእናቱ አስጠየቀው።  ባትሪውን አጠፋ፣ አበራ፤ አጠፋ፣ አበራ። «ጨለማ ነው» አለ ልጁ በኦሮምኛ። ይህቺ ያለ አስተርጓሚ ገባችኝ።

ሰይፉ ባትሪውን ኪሱ ከተተ። «ሕይወቱ ተርፏል» አላት። «ቀኝ ዓይኑ ግን አይመለስም። ከትናንት ወዲያ፣ ሐሙስ ቀን መድኃኒቱ ተጀምሮለት ቢሆን ኖሮ ዓይኑም የሚተርፍ ይመስለኛል። ምነው ሐሙስ ሳያመጡት ቀሩ?»

ሐዋ ዞር ብላ አየችኝ። ብትናገር ይቀላት ነበር፤ በአማርኛ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትጨርሰኝ ነበር። አልተናገረችም። ጠበቀችኝ።

በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ረጅም አላየሁም። መዋሸት እችል ነበር፤ በመዋሸት ልምድ ነበረኝ። ምላሴ ለመዋሸት ተዘጋጅቶም ነበር። ልጁ በአንድ ዓይኑ ጣራውን ያያል።

«ሐሙስ መጥታ ነበር» አልኩ። «እኔ ነኝ የመለስኳት።»

«ለምን?»

«ምሳ ተጠርቼ ነበር።»

ሰይፉ የልጁን ብርድ ልብስ አስተካከለ። «ምን ነበር ምሳው?»

«የበግ ወጥ።»

«አሃ» አለና ወጥቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ በዘመኔ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ ታስሬም ተፈትቻለሁ። እንደዚያች «አሃ» ያዋረደኝ የለም።

አላባረረኝም። ቢያባርረኝ ይሻለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠርቶኝ «ልጁን የምትከታተለው አንተ ነህ» አለኝ። ደሙ አዲስ አበባ ተልኮ ተመረመረ፤ ሰይፉ እንደጠረጠረው ሆነ። ከጤነኛ ሰዎች ደም የሚወጣ ጋማ ግሎቡሊን የሚባል መድኃኒት አለ፤ የጎደለውን ይተካል። ሰይፉ በስንት ደብዳቤና በስንት ልመና እንደሚያገኘው እሱ ያውቃል፤ በየወሩ በበረዶ ሣጥን ይልክልኝ ነበር። ወፍራም ነው፤ በሁለቱም ቂጥ ቀስ እየተባለ ይወጋል፤ ሕመሙ አዋቂን ያስለቅሳል። ከዚያ ሌላ ጠዋትና ማታ አፍንጫውን ጨው በተደረገበት ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ማጠብ፣ መግል ሲጀምር ፔኒሲሊኑን በሦስት ቀን ሳያቆሙ ሙሉውን መስጠት። ማጠቡን ሐዋ ያዘችው። አንድ ቀን ሳታጓድል።

የመጀመሪያውን መርፌ ልወጋው ስዘጋጅ በአማርኛ «እጅህን ታጠብ» አለችኝ። ታጠብኩ። «በሳሙና» አለች። በሳሙና ታጠብኩ።

ቀስ በቀስ ሽታው ጠፋ። ጆሮዎቹ ደረቁ። ልጁ ቁመት ጨመረ፤ አንድ ዓይኑን ይዞ ትምህርት ቤት ገባ። ሐዋ መምጣት ያልቻለች ወር መድኃኒቱን ይዤ ሁለት ሰዓቱን በእግሬ እወጣለሁ። ዳገቱ ያስለከልካል። እሷ ልጅ አዝላ ስንት ጊዜ እንደወጣችው እየቆጠርኩ እወጣለሁ። ኦሮምኛም ተማርኩ። አስተማሪዬ ጋሽ ቱፋ ነበር። አዎ፣ ጋሽ ማለትም ያኔ ነው የጀመርኩት። ስሳሳት ሳይሸሽግ ይስቅብኛል፤ መብቱ ነው።

አንድ ቀን ሐዋን ይቅርታ ጠየቅኋት። ተዘጋጅቼበት ነበር፤ ጥሩ ጥሩ ቃላት መርጬ። እስክጨርስ ሰማችኝና «ዓይኑ የኔ አይደለም፤ የሱ ነው» አለች። «ሲያድግ እሱን ጠይቀው።» ከዚያ ስለሚቀጥለው መርፌ ቀን ጠየቀችኝ። ይቅር አላለችኝም፤ እንድትለኝም መጠበቄ ራሱ ድፍረት ነበር። ዓመት ሳይሞላ እህቷን ከሲሬ ከሁለት ወር ወንድ ልጅ ጋር ይዛት መጣች። ልጁ ምንም አልታመመም ነበር። «ሳይታመም ደሙን ይዩልኝ ብዬ ነው» አለችኝ። ያንን ያሰበ ሐኪም አልነበረም፤ ሐዋ ናት ያሰበችው። ከእናቱ ይዞት የመጣው እስኪያልቅ ጥቂት ወራት ጠብቀን ሲመረመር የልጁ ደም ደህና ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ እህትማማቾች ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እኔ ውስጥ ገብቼ ጠርሙስ የማጥብ መሰልኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ «ድሮ ነው፣ ያልተማሩ ድሬሰሮች ዘመን ነው» ብላችሁ እንዳትገላገሉት። ያ ፀጉሩን የተቀባ ሰውዬ አልሞተም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ በየመስኮቱ አይቼዋለሁ፤ አሁን ከእኔ የበለጠ ተምሯል፣ ከእኔ የተሻለ ጋውን ለብሷል። እናት ስታወራው ሰዓቱን ያያል። ልጇን ቀን ከሌት የምታየው እሷ ሆና ሳለ የሚያውቀው እሱ ይመስለዋል። ንቀት ከድንቁርና የተለየ ነገር ይመስለኝ ነበር። አንድ ናቸው። የናቅኸውን ሰው አፍ አታስከፍትም፤ ካላስከፈትክ የጎደለውን አታይም፤ ነገሩ ይኸው ነው። እኔ ይህንን ለመማር የአንድ ልጅ ዓይን አስፈልጎኛል። ዋጋውን ደግሞ የከፈልኩት እኔ አይደለሁም።

ንጉሡ የወረዱ ዓመት ወደ ሌላ አገር ልዛወር ስል ለጀማል ከእኔ እጅ የመጨረሻ የሚሆነውን መርፌ ለመውጋት ዳገቱን ወጣሁ። አስር ዓመት ሆኖት ነበር። ከቤታቸው ደጃፍ፣ ጥላ ሥር በወጣ አልጋ ላይ በሆዱ ተኛልኝ። መድኃኒቱን ስቀዳ ዘወር ብሎ በግራ ዓይኑ አየኝና በኦሮምኛ፣

«ዓይኔን ያጠፋኸው አንተ ነህ ወይ?» አለኝ።

ሐዋ ቤት ውስጥ ነበረች። የምትሠራውን ስታቆም ተሰማኝ።

«አዎ» አልኩት። «እኔ ነኝ።»

 ከዚያ ፊቱን ወደ ትራሱ መለሰ።

«እንግዲያው ዛሬ ቀስ ብለህ ውጋኝ» አለኝ።